ሳፋ ውስጥ ያደሩ ያህል የደነገጡ ዓሦች

ዘርትሁን እንግዳ ሲንገላታ ማየት አይሆንላትም። የዓሣ ባለሙያዋ ሐምዲያ ከሸዋ ሮቢት ወርዳ የዓሦቹን ደም ልትመረምር እንደሆነ በሰማች ጊዜ፣ ልጅቷ ጭቃ እንዳትረግጥ ብላ ገና ሲነጋ ስድስት ቆሮሶ ዓሣ ከኩሬዋ አውጥታ ሳፋ ውስጥ አስቀመጠች። ሰፈርተኛውም ተራ በተራ እየመጣ ጎበኛቸው። አንዱ ጅራት ይነካል፣ ሌላው "ይሄኛው ከስቷል" ይላል፤ በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ ነበር የሚመስሉት።

ነገሩ ለዘርትሁን ቀልድ አልነበረም። ዓሦቿ ሰሞኑን መብላት ቀንሰዋል። ባሏ አየለ ደግሞ "ደማቸው ታሞ ከተገኘ ኩሬውን ደፍኜ ሽንኩርት እተክልበታለሁ" ብሏል። እሷም በንዴት፣ ያውም በጎረቤት ፊት፣ እሺ ብላለች።

ሐምዲያ አንዱን ዓሣ በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ከጅራቱ በመርፌ ደም ቀዳች። ጠብታዋንም የስኳር ሕመምተኞች በሚይዙት መለኪያ ላይ አደረገች።

"ሁለት መቶ አስር። በዝቷል።"

"ስኳር ያዘው በይኛ" አለ አየለ ፊቱ በርቶ። "እኔ ለሻዬ እንኳ በቅጡ ያላገኘሁትን።"

ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ሆኑ። አየለ ኩሬውን ዳር ዳሩን በእርምጃ መለካት ጀምሯል።

"እትዬ፣ ሳፋው ውስጥ የገቡት መቼ ነው?" አለች ሐምዲያ።

"ሲነጋ። እንዳትንገላቺ ብዬ ነው እኮ ልጄ።"

"እርስዎንም ከአልጋዎ አንስተው ሳፋ ውስጥ ቢከቱዎና ሰፈርተኛው ሲነካካዎ ቢያረፍድ ስኳርዎ ይወጣ ነበር። ዓሣም ሲደነግጥ እንደዚያው ነው። ከኩሬው አሁን የወጣ ያምጡልኝ።"

ዘርትሁን ቀሚሷን ሰብስባ ኩሬው ውስጥ ገባች። አየለ ሳል ሲመጣበት እንኳ ዓሦቹን እንዳያስደነግጥ አፈጠጠችበት። ቀስ ብላ አንዱን በመረብ አወጣች፤ ሐምዲያም ወዲያው ቀዳች።

"ሃምሳ ስምንት። ይሄ ደህና ነው።"

ሌሎች ሁለትም ከዚያ አልራቁም። ቀጥላ ደሙን በቀጭን የመስታወት ቱቦ አድርጋ በትንሽ ማሽን አሽከረከረችው። የቀዩ ደም መጠን ትንሽ አንሷል።

"አልታመሙም። ደማቸው ያነሰውም መብላት የቀነሱትም ውሃው ስለቆየባቸው ነው። ዛሬውኑ አዲስ ውሃ ይግባላቸው።"

ዘርትሁን ባሏን አየችው። አየለ ስልኩን አውጥቶ የመስኖ ተራ ለሚያከፋፍለው የውሃ አባት ደወለ።

"የሐሙሱን ተራዬን ዛሬ አድርግልኝ… አይ፣ ለሽንኩርቱ አይደለም።" ጀርባውን ለሴቶቹ ሰጠ። "ለዓሦቹ ነው። ሳቅ እንግዲህ፤ ስትጨርስ ግን ቦዩን ክፈትልኝ።"