በብስክሌቱ መንገድ ላይ የተገተረው መኪና

አባት ልጁን በመኪና ይዞ ሲወጣ «ሽርሽር ነው» ይባላል። እናት በብስክሌት ይዛ ስትወጣ ግን አገር ምድሩ መካሪ ይሆናል። የመጀመሪያዋ መካሪ አማቴ ናቸው። «ያንን ብስክሌት ላይ ያሰራችሁትን የሕፃን ወንበር ካልሸጣችሁ ቤታችሁን አልረግጥም» አሉ። ባሌም ለእናቱ «አንድ ነገር ከገጠመን እሸጠዋለሁ» ብሎ ቃል ገባ። እኔን ማን ጠየቀኝ? የነገረኝ እሑድ ጠዋት፣ ወደ ሐይቁ ልንወጣ ስንል ነው።

ታናሹ ልጄ ከኋላዬ ወንበሩ ላይ በቀበቶ ተጠፍሮ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ጀርባዬን በጡጦው ይደበድባል። ባሌ ትልቋን በትንሿ ብስክሌቷ እያስቀደመ በራሱ ብስክሌት ይከተለናል። መታጠፊያው ላይ ስደርስ አንድ ነጭ መኪና የብስክሌቱን መንገድ ዘግቶ ተገትሯል፤ ሞተሩ እንኳ አልጠፋም። ልጆች ይዤ አስፋልት ውስጥ አልገባም ብዬ ወረድኩና መስኮቱን አንኳኳሁ።

«ወንድሜ፣ መንገዱን ልቀቅልን።»

ሰውየው መስታወቱን አወረደ። ልጄን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ዓይነት እናት ነሽ? ይሄን ጨቅላ እዚህ ብረት ላይ! አንጀት የለሽም?»

ይሄን የሚለኝ የራሱን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ መሪ አስይዞ ነው። የልጁ ደረት መሪው ላይ ተለጥፏል።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ! እሱስ ማን ነው? ሾፌርህ?»

«የእኔ ልጅ መኪና ውስጥ ነው ያለው!» አለ፣ መኪና ማኅፀን ይመስል።

አንድ አዛውንት መንገደኛ ቆሙ። «እውነቱን ነው ልጄ፣ ለሕፃኑ እዘኚለት» አሉኝ። ለየትኛው ሕፃን? ወደ መኪናው ውስጥ ዞር ብለው አላዩም።

ባሌ ደረሰ። «በቃ ተይው፣ እንመለስ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ነገር» ያለው ይሄው መሆኑ ገባኝ፤ ነገ ወንበሩ ይሸጣል።

ልጄን ፈትቼ አቀፍኩና ብስክሌቴን ከመኪናው ፊት አጋደምኩት።

«ልጅህን ከኋላ አስቀምጠህ ሳታስረው ንቅንቅ አልልም!»

«አብደሻል እንዴ?»

«አዎ፣ አብጃለሁ!»

ባሌን አየሁት። እሱ የሚያየው መሪው ላይ የተለጠፈውን ደረት ነበር። ትልቋን ከአዛውንቱ አጠገብ ዳር አቆማት፤ ብስክሌቱን እየገፋ ዞረና ከመኪናው ኋላ አጋደመው።

ሰውየው እየተራገመ ወረደ። ልጁን ከኋላ አስቀመጠና ቀበቶውን ሳበ። መቆለፊያው የለም፤ የወንበሩ ልብስ ውጦታል። ቀበቶው ታስሮ የሚያውቅ አይመስልም።

«ከልብሱ ስር ነው፣ ፈልገው ወንድሜ» አለው ባሌ። «እኛ አንቸኩልም።»