በአንድ ሌሊት አይደለም

"ሱማን፣ ከጽሑፉ ወጣሽ" አለ ዳታራም ጉሮሮውን እየጠረገ።

ሱማን ዋግማሬ መዳፏን ከዋሻው ግድግዳ ላይ ሳታነሳ ዞር ብላ አየችው። ዳታራም የዶንግርዋዲ አስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ በዚህ ተራራ ላይ ጎብኚ ሲያመላልስ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ከጎኑ የቆመችው ወይዘሮ ኬልካር ከፑኔ የመጣች ፈታኝ ናት፤ ማህደሯን በብብቷ ይዛ ላቧን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። ፈተናው ቀላል ነው። ሱማን ሁለቱን እንደ እንግዳ ይዛ ዋሻዎቹን ታስጎበኛለች፤ ካለፈች ባጅ ይሰጣታል፣ ከወደቀች ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ድንጋይ ወደፈለጠችበት ካባ ትመለሳለች። ሐኪሙ የሳንባዋን ፎቶ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ "አንድ በጋ እንኳ ያንን አቧራ ብትስቢ እኔ ጋ አትምጪ" ብሏታል።

ጽሑፉ የሚባለው ማኅበሩ ያዘጋጀው፣ አስጎብኚ ሁሉ በቃሉ የሚያነበንበው አንድ ገጽ ነው። እነዚህን ሃያ ሦስት ዋሻዎች ግዙፋን በአንድ ሌሊት ፈለፈሏቸው፤ ዶሮ ሲጮህ የመጨረሻውን ሳይጨርሱ ጥለው ጠፉ ይላል። አሁን የቆሙት እዚያ ሳይጨረስ የቀረው ዋሻ ውስጥ ነው።

"አውቄ ነው የወጣሁት፣ አጎቴ" አለች ሱማን፤ ዘመዷ ባይሆንም ለዕድሜው አክብሮት እንዲህ ትጠራዋለች። ከዚያ ወደ ፈታኟ ዞረች። "ጣሪያውን ይመልከቱልኝ። ልስልስ ብሎ አልቋል። ወለሉ ግን ገና ጥሬ አለት ነው። ከላይ ጀምረው፣ የቆሙበትን እየበሉ ነው የወረዱት። መሰላል እንኳ አላስፈለጋቸውም።"

"ታዲያ ለምን ሳይጨርሱት ተዉት?" አለች ወይዘሮ ኬልካር። "ዶሮው ነው?"

"ዶሮ አይደለም። ይቺ ስንጥቅ ትታይዎታለች? ከጣሪያው ተነስታ እስከ ታች ወርዳለች። እንዲህ ያለው ድንጋይ ውኃ ያስገባል። እኛም ካባው ላይ ሲገጥመን እንተወዋለን። ሰውዬው መሮውን ሰብስቦ፣ ድንጋዩን ሰድቦ ነው የሄደው።"

ወይዘሮ ኬልካር ሳቀች። ዳታራም አልሳቀም።

ቀጥለው የቡድሃ መነኮሳት ይኖሩባት ወደነበረች አንዲት ጠባብ ክፍል ገቡ። በግራና በቀኝ ከአለቱ ሳይነጠሉ የተቀረጹ ሁለት የድንጋይ መደቦች አሉ። ሱማን በበሩ የሚገባው ብርሃን ግድግዳውን በአግድም የሚመታበት ቦታ ላይ ጎንበስ አለች።

"የመሮውን ምት እዩት። የሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ወደዚህ ያዘነብላል፤ የዚህ ወደዚያ ነው። ይህን ክፍል የፈለፈለው ሰው መዶሻውን በግራ እጁ ነበር የሚይዘው። እኛ ጋም አንድ እንዲህ ያለ አለ፤ ከጎኑ የሚሠራ ሰው ክርኑን ይፈራል።"

"ይህን ማን ነገረሽ?" አለች ወይዘሮ ኬልካር፣ ጣቷን በምቱ ላይ እያስኬደች።

"ማንም አልነገረኝም። ሥራዬ ነው።"

"እመቤቴ፣" ሲል ገባ ዳታራም፣ "ጎብኚ ከቦምቤይ ድረስ የሚመጣው ስለ ሰው ክርን ሊሰማ አይደለም። ተአምር ሊያይ ነው የሚመጣው።"

"በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሥራ ከሆነማ፣" አለች ሱማን፣ "እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝቼ ነበር ማለት ነው።"

ሳል ያዛትና ግድግዳውን ተደግፋ እስኪያልፍላት ቆየች። ዳታራም የራሱን የውኃ ጠርሙስ ከፍቶ አቀበላት። ጠጥታ መለሰችለት። "ላንቺው ብዬ ነው የምነግርሽ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግዙፋኑን ጥሪልንና ባጅሽን ውሰጂ። ምን ያጎድልሻል?"

ሱማን ቀድማው ወደ በሩ አመራች።

ትልቁ አዳራሽ ሲገቡ ሦስቱም ቀና አሉ። ከበሩ በላይ ባለው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባለው መስኮት የገባው ፀሐይ በሁለቱ ረድፍ ዓምዶች መካከል ተዘርግቶ፣ ጫፍ ላይ ያለውን መነኮሳቱ ይሰግዱለት የነበረውን ጉልላት መሰል ክብ ስቱፓ ሆዱ ድረስ ያበራዋል። ጣሪያው እንደ ተገለበጠ ጀልባ ጎብጧል። ማገርና ወራጅ የሚመስለው ሁሉ ድንጋይ ነው፤ በእንጨት ቤት ያደጉ ሰዎች ድንጋዩንም እንደ እንጨት ጠርበውታል።

ሱማን በቀኝ በኩል ካለው ስድስተኛው ዓምድ ፊት ቆመች። በዓይን ቁመት ላይ የደበዘዙ ፊደላት ተቀርጸውበታል።

"የንጉሥ ውዳሴ ነው" አለ ዳታራም ቀድሟት።

"አይደለም። ሰፈራችን አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ፤ ይህን ፊደል አስተማሩኝ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።" ጣቷ ድንጋዩን ሳይነካ በፊደሎቹ ሥር ሄደ። "'የአትክልተኛው ሚስት የናንዳ ስጦታ፣ ይህ ዓምድ።' ያለው ይኸው ነው። ሙሉ ዋሻ አልሰጠችም። አቅሟ አንድ ዓምድ ነበር፣ አንድ ዓምድ ሰጠች። ስሟንም አጻፈች።"

ዳታራም ትዕግሥቱ አለቀ። "የእናንተ ሰፈር ሰዎች ችግራችሁ ይሄ ነው። የሁሉ የሆነውን የኛ ነው ትላላችሁ።"

"የኛ ነው አላልኩም፤ የአትክልተኛው ሚስት ነው ያልኩት። ግን ስለ ሰፈራችን ካነሳህ ልንገርህ። እናቴን መንደሩ፣ ዘራችሁ ውኃውን ያረክሳል ብሎ፣ ከጉድጓዱ እንዳትቀዳ ሲከለክላት እንስራዋን ተሸክማ እዚህ ትወጣ ነበር። መነኮሳቱ ለዝናብ ውኃ የፈለፈሉትን ማጠራቀሚያ ታውቀዋለህ፤ ከዚያ ነበር የምትቀዳው። አንድም ግዙፍ መጥቶ አልከለከላትም።"

ዳታራም ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። ጉድጓዱ ያኔ በአባቱ ግቢ በር ላይ እንደነበር ሦስቱም ባያውቁ፣ ሁለቱ ያውቃሉ።

ወይዘሮ ኬልካር በአንዱ ዓምድ ሥር ተቀምጣ ማህደሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። "ወይዘሮ ዋግማሬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይህን ቦታ እንደ እርስዎ የሚያውቀው ሰው አልገጠመኝም። ነገር ግን እኔ ነጥብ የምሰጠው ማኅበሩ ባቀረበው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ለማስለወጥ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።" አንድ ወረቀት አወጣች። "እስከዚያው በጽሑፉ ለመሥራት ይስማሙና ይፈርሙ። ባጁ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዛሬውኑ እሰጥዎታለሁ።"

ሱማን ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እስክሪብቶውንም ተቀበለች። ካባው ትዝ አላት፤ ረፋድ ላይ ፀሐዩን የሚያደበዝዘው ነጭ አቧራ፣ አመሻሽ ላይ ከምራቋ ጋር የሚወጣው ጭቃ። ባሏ ጠዋት በር ላይ ጫማዋን እየወለወለላት፣ "ያሉሽን በያቸው፤ በሕይወት ኑሪልኝ እንጂ" ያላት ትዝ አላት። እጇ ወረቀቱ ላይ ቆየ። ዳታራም ፊቱን አዙሮ ጠበቃት።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን የጠየቀኝ የለም" አለች በመጨረሻ። "ደሞዝ ስንቀበል በቁጥር ነበር የምንጠራው። አሁን ስሜ ሲፈለግ፣ ለውሸት ነው የተፈለገው።" እስክሪብቶውን ከድኖ መለሰች። "ደብዳቤውን ይጻፉ። እኔ አልፈርምም።"

"እንግዲያው ያለ ባጅ እዚህ አንድም ሰው ማስጎብኘት አትችዪም" አለ ዳታራም።

"ሰምቻለሁ።"

ደረጃውን ብቻዋን ወረደች። ታች ከቲኬት መሸጫው ፊት አንድ ጂፕ ቆሞ፣ ነጭ ሳሪ የለበሱ ሰባት አሮጊቶች እየተረዳዱ ይወርዳሉ። ከፓርባኒ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው የመጡ ናቸው። ከማኅበሩ አንዱ ወጣት አስጎብኚ ቀርቦ ስለ ግዙፋኑ ጀምሮላቸዋል።

"ግዙፋን?" አለች ከመካከላቸው በዕድሜ የምትበልጠው፣ በምርኩዟ ላይ ጎንበስ እንዳለች። "ልጄ፣ እኔ የመጣሁት የሰው ሥራ ነው ብለውኝ ነው።"

ሱማን ቆመች። ሁለት እርምጃ አልፋቸው ነበር። ከዚያ ዞራ ወደ ቲኬት መስኮቱ ሄደችና ከሳሪዋ ጫፍ የቋጠረችውን ሃያ አምስት ሩፒ ፈትታ አስቀመጠች።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?" አለ ሻጩ። "የመንደሩ ሰው መቼ ከፍሎ ያውቃል?"

"ዛሬ ጎብኚ ነኝ። ቁረጥልኝ።"

ዳታራም የመጨረሻውን ደረጃ ወርዶ ደረሰ። የሚሆነውን ሲያይ ገባው። "ሱማን፣ ክልክል ነው ብዬሻለሁ።"

"አላስጎበኝም፣ አጎቴ። ቲኬት ቆርጬ ከእህቶቼ ጋር እያወራሁ ልወጣ ነው። ጎብኚ ማውራት አይችልም የሚል ሕግ ካለህ ጽፈህ ስጠኝ፤ ማንበብ እችላለሁ።"

አሮጊቶቹ ሰባቱም እያዩት ነበርና ዳታራም ከደረጃው ፊት ገለል አለ። ሱማን ክንዷን ለባለ ምርኩዟ ሰጠቻት። ደረጃውን ከመጀመራቸው በፊት ግን ወደ ሻጩ ዘወር አለች።

"ለነገም አንድ ቁረጥልኝ" አለችው።