ከካስክ ሥር የወጣ ቃል

በዚያ የሴቶች ፀጉር ቤት አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ከካስክ ሥር የወጣ ቃል እንዳልተሰማ ይቆጠራል። ካስክ ያው ራስ ላይ የሚደፋው፣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራው ማድረቂያ ነው። ከሥሩ የተቀመጠች ሴት የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ፣ ያንሾካሾከች እየመሰላት ትጮኻለች። የቀሩት ደግሞ ጨዋዎች ናቸው፤ አንዷ መጽሔት ትገልጣለች፣ ሌላዋ ጥፍሯን ታያለች። አንድ ጊዜ ከደንበኞቹ አንዷ፣ የሰፈሩ አዋላጅ፣ ባሏ ተደብቆ በእሷ ቀለም ፀጉሩን እንደሚቀባ ለጓደኛዋ «በሹክሹክታ» ስትነግራት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሳይቀር ሰምቷል። እስከ ዛሬ ድረስ ግን ባልየውን መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ከግንባሩ በላይ ላለማየት ይጠነቀቃል። የአደባባይ ምስጢር ማለት ይኼ ነው።

ቤቱን የያዙት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ትልቋ እና ትንሿ። ትልቋ አክስት ናት፣ ትንሿ ደግሞ የእህቷ ልጅ። ትንሿ ሠላሳ ዓመት ካለፋት ቆይቷል፣ ቁመቷም ከአክስቷ በአንድ ራስ ይበልጣል፤ ግን ሰው አንዴ ትንሿ ከተባለ ማደጉን የሚያምንለት የለም። እናቷ ስትሞት ገና ልጅ ነበረች። አክስቷ እጇን ይዛ ወደዚህ ቤት አመጣቻት፣ አበላቻት፣ አስተማረቻት፣ ሙያዋን አንድ ሳታስቀር አስጨበጠቻት። ደንበኞች «እንደ እናትና ልጅ» ይሏቸዋል። ይኼ ሲባል ትልቋ ደስ ይላታል፤ ትንሿም ደስ ይላታል፣ ብቻ በቅርብ ጊዜ ሲባል በሰማች ቁጥር ዓይኗን ከአክስቷ ማሸሽ ጀምራለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ተገኝቷል። ሁለት መስኮት አለው፣ ውሃው አይቋረጥም፣ ወለሉ ለመጥረግ የሚመች ሴራሚክ ነው። ትንሿ አንድ ቀን በመስኮቱ አጮልቃ አየችውና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። መስተዋቱ የት እንደሚሰቀል፣ ማጠቢያ ገንዳው በየት በኩል እንደሚሆን በልቧ ጨርሳለች። አከራዩም መልካም ሰው ነው፤ ብዙ ከታገሣት በኋላ «እንግዲህ ነገ ጠዋት ቁርጡን ንገሪኝ፣ ሌላ ፈላጊ መጥቷል» ብሏታል። የቀራት ለአክስቷ መንገር ብቻ ነው። ብቻ ይባላል!

መቼም አልሞከረችም አይባልም። አንድ ቀን ጠዋት ወለል እየጠረጉ ሳሉ ጀመረች።

«እቴቴ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ወዬ።»

«ፎጣዎቹ አልደረቁም።»

ትልቋ ወጥታ ፎጣዎቹን ዳበሰቻቸው። ከደረቁ ሰዓታት አልፏቸው ነበር። ተመልሳ ገባችና ልጅቷን ለአፍታ አየቻት።

ትንሿን የያዛት ይሉኝታ ነው። «ያሳደገቻትን ጥላ ሄደች» የሚለው ድምፅ ማንም ሳይናገረው ጆሮዋ ውስጥ ይጮኻል። አክስቷ ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ አንድ ቀን ተጣልቶ በር ዘግቶ መውጣት ነው። ደግ ሰው ግን ከየት በኩል ይጣሉታል?

አከራዩ «ነገ ጠዋት» ባላት ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልከኛዋ መጣች። ስልከኛዋ ዕድሜዋን ሙሉ መስመር ስታገናኝ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በሥራ ዘመኗ የሰማችውን የሰው ገመና ሁሉ በሆዷ ይዛ ኖራለች፤ ጡረታ ስትወጣ ግን የተጠራቀመው መውጫ ፈለገ መሰል፣ ልጇ ከጉዞ ያመጣችላትን፣ ዕድል የሚነበብበትን የታሮት ካርታ እያስመረጠች ለሰው ሁሉ ነገሩን ትፈታ ጀመር። ከካርታው ጋር የመጣው መጽሐፍ በማታውቀው ቋንቋ ስለሆነ አንድ ቀንም ገልጣው አታውቅም። «ሥዕሉ እያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» ትላለች። ትልቋ «ቤቴን የጠንቋይ ቤት አታድርጊብኝ» እያለች ትቆጣታለች፤ ነገር ግን ደንበኛ ናትና ትቆጣና ትተዋታለች።

ትንሿ የስልከኛዋን ፀጉር አጥባ፣ በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ካስኩን ደፋችባት። ስልከኛዋ ወዲያው ካርታዎቹን ከቦርሳዋ አውጥታ እንደ ማራገቢያ ዘረጋቻቸውና በዓይኗ «ምረጪ» አለቻት። ትልቋ በዚያ በኩል ጀርባዋን ሰጥታ የአዋላጇን ራስ ታጥባለች። ትንሿ እጇን ሰደደችና አንዱን ሳበች።

ሥዕሉ አንዲት ሴት ናት። ዓይኗ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ እጆቿ ወደ ኋላ ናቸው፣ ወገቧ ተጠፍሯል፤ ዙሪያዋን ስምንት ሰይፍ ተተክሏል። ትንሿ ካርታውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ሰው እንዴት በወረቀት ላይ ራሱን ያገኛል? ካስኩን በትንሹ ከፍ አደረገችና ወደ ስልከኛዋ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ክፍል አግኝቻለሁ፤ እቴቴን ትቼ የራሴን ቤት ልከፍት ነው። እንዴት አድርጌ ልንገራት? ምን ይላል?»

ካስኩን መልሳ ደፋችው። ስልከኛዋ የትንሿን እጅ ከነካርታው አቀረበችው፣ አራቀችው፣ መነጽሯን አስተካከለች። ከዚያ በዚያ ሩቅ መስመር በለመደ ድምፅዋ ጀመረች።

«አትፍሪ! አክስትሽን ትተሽ ብትወጪ ምድር አትገለበጥም! ይቺን ሴትዮ እያት፣ የታሰረች ይመስላታል እንጂ እግሯ ነፃ ነው! ሰይፎቹ ከጎንና ከኋላ ናቸው፣ ፊት ለፊቷ ባዶ ሜዳ ነው! ሂጂ ያላት የለም እንጂ ቁሚ ያላትስ ማን አለ? ክፍሉን ተከራዪ! አክስትሽ አትበላሽም!»

ቤቱ ጸጥ አለ፤ ማለት ካስኩ ብቻ ያጓራል። ትንሿ ካርታውን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ሕጉ ግን ወዲያው ሥራውን ጀመረ። ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት መጽሔቷን ገለጠች፤ ገልብጣ መያዟን ያየላት የለም። የትልቋ እጅ አዋላጇ ራስ ላይ ለአንድ አፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ።

«ኧረ ቀስ፣ ራሴ ነው እኮ» አለች አዋላጇ።

«ያን ፎጣ አቀብዪኝ» አለች ትልቋ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ትንሿ ፎጣውን አቀበለቻት። መጀመሪያ ላይ የተሰማት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እፎይታ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማንም አፍ ይሁን ወጥቶላታል፣ አክስቷ ሰምታለች፣ አለቀ። ቀጥሎ ነው ነገሩ የገባት። ምንም አላለቀም። በሕጉ መሠረት ማንም ምንም አልሰማም። አክስቷ ቃል አትናገርም፣ እሷም አትናገርም፤ ነገ ጠዋት አከራዩ ክፍሉን ለሌላ ይሰጣል፣ እነሱም እየተዋወቁ እንዳልተዋወቁ ሆነው፣ አንዷ የሌላዋን ሆድ እያወቀች፣ ፎጣ ሲቀባበሉ ያረጃሉ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይኼን የተረተ ሰው ፀጉር ቤት ሠርቶ አያውቅም።

ካርታውን እንደገና አየችው። እጇን ከኋላ ማን አሰረባት ታዲያ፣ ብላ ከሥዕሉ ጋር ልትከራከር ቃጣት። ፈልጋ ፈልጋ ግን ከሴትዮዋ በቀር በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ሌላ ሰው አጣች። ተናደደች፤ በሴትዮዋ ነው የተናደደችው። እጇን ዘረጋችና ካስኩን አጠፋችው።

«ደረቀልኝ እንዴ?» አለች ስልከኛዋ።

«እቴቴ» አለች ትንሿ። ድምፁ እንዲህ ጎልቶ ይወጣል ብላ አላሰበችም። «ቅድም የተባለው ነገር የእኔ ነው።»

አዋላጇ ዓይኗን ጨፈነች። ውሃው ይፈስሳል።

«ምን ተባለ?» አለች ትልቋ። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም።»

«ሰምተሻል።»

«አልሰማሁም አልኩሽ። የሚነገር ነገር ካለሽ ንገሪኝ።»

እንግዲህ ማምለጫ የለም። «ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ክፍል አግኝቻለሁ። የራሴን ልከፍት ነው። ሰውየው ነገ መልስ ይፈልጋል፤ እሺ ልለው ነው።»

ትልቋ ቧንቧውን ዘጋች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ከደረቀም በኋላ ጠረገችው።

«ደንበኞቼን ይዘሽ?»

«አንድም አልወስድብሽ።»

«ይቺን ብትወስጂልኝ ደስ ይለኛል» አለች ትልቋ ወደ ስልከኛዋ በአገጯ እያመለከተች።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለች ስልከኛዋ ተገርማ። «በጆሮዋ እኮ ነው የነገርኳት።»

አዋላጇ ከነአረፋዋ ሳቀች፤ ያቺም መጽሔቷን አስቀምጣ ሳቀች። ትልቋ ግን አልሳቀችም።

«ያ ፎጣው አልደረቀም ያልሽኝ ቀን፣ ይኼን ልትነግሪኝ ነበር?»

«አዎ።»

«እና እኔን ፈርተሽ ነው?» ድምፅዋ ሰለለ። «መሄድሽ አይደለም የከፋኝ። ልጅ ያድጋል፣ ይወጣል። እጄ ላይ አድገሽ ፈራሽኝ።»

«አልፈራሁሽም እቴቴ። እንዳላሳዝንሽ ብዬ ነው።»

«ያው ነው» አለች ትልቋና ወደ አዋላጇ ራስ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሥራ ብቻ ሆነ። አዋላጇ ደርቃ ተበጠረች፣ ስልከኛዋ ቢጎዲኗ ተፈታላትና ካርታዎቿን ሰብስባ፣ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ተሰናብታ ሄደች። ትልቋና ትንሿ ሳይተያዩ ጠረጉ፣ አጠቡ፣ መቀሶቹን አስቀመጡ። ገና አልመሸም ነበር፤ በበሩ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል። ትንሿ ኮቷን አነሣች። ተናግራለች፣ ነፃ ናት፤ ሆኖም እንዲህ ከፍቷት አያውቅም።

«የት ልትሄጂ ነው? ነይ ተቀመጪ» አለች ትልቋ፣ ገንዳው አጠገብ ቆማ።

«ለምን?»

«ነገ አከራዩ ፊት በዚህ ፀጉር ልትቀርቢ ነው? ፀጉር ቤት ልከፍት ነው ስትዪው ቀና ብሎ ራስሽን አያይም? የማን ልጅ ናት ይላል ሰውየው።»

ትንሿ ሻሿን ፈታች። የሰው ራስ ስታሳምር ስትውል የራሷን ከጠቀለለችበት ፈትታ ማየት ከተወች ሰንብታለች። ተቀመጠችና አንገቷን ወደ ኋላ ገንዳው ላይ አሳረፈች። አክስቷ ውሃውን በእጇ ጀርባ ለካች፣ ከዚያ ጣቶቿን ፀጉሯ ውስጥ አስገባች። ይኼን ለመጨረሻ ጊዜ ያደረገችላት ልጅ ሳለች ነው፤ እናቷ በሞተች ሰሞን፣ በርጩማ ላይ አቁማት። እጁ ያው እጅ ነው፣ ትንሽ ሻክሮ እንደሆነ እንጂ። ትንሿ ጣሪያውን አየች፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠባት።

«ሻምፑ ዓይንሽ ገባ?» አለች አክስቷ።

«አዎ።»

«ሻምፑ ገና አላደረግሁም» አለችና፣ ውሃውን ለብ አደረገችላት።