የሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት ተሳፋሪዎች

ደምመላሽ ከኮቱ ኪስ አንድ የፕላስቲክ ሰው አወጣና ጠረጴዛው ላይ ካለችው ትንሿ የቆርቆሮ ባቡር አጠገብ አቆመው። የአሻንጉሊት ወታደር ነበር፤ ጠመንጃው ተቆርጦ በምትኩ ቀይ ወረቀት እንደ ባንዲራ ተለጥፎበታል። ሁለተኛውን ሊያስከትል ሲል እቴነሽ ከሐዘን ፍራሹ ላይ ተነሣች።

አባቷ አቶ ይርጋ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታቸው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ወንጌላውያኑ ዘመዶቿ መዝሙሩን የሚዘምሩት በለሆሳስ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ደምመላሽ ሲገባ ያም ቀረ።

"ደምመላሽ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"ይሄ ጣቢያ ለሜይ ዴይ ኤግዚቢሽን ይፈለጋል። ነገ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ግን እንዲሁ አይሆንም፤ የታገለ ላብ አደር ይታይበት።"

አቶ ይርጋ ሠላሳ ዓመት ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ደሴ ገቡ። ከዚያ ያደጉበትን የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ በ1921 ዓ.ም. እንደነበረ አሳንሰው በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ መሥራት ጀመሩ። ሐዲዱ ከሽቦ፣ ፉርጎው ከዘይት ቆርቆሮ ነው። ባቡሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሰዎቹን ለማግኘት ግን ስድስት ዓመት ደከሙ።

አንድ ወዳጃቸው ከአዲስ አበባ በካርቶን የታሸጉ የውጭ አገር ትንንሽ ሰዎች ልኮላቸው ነበር። ውሻ የምትጎትተዋን ሴትዮ ብድግ አድርገው ሳቁ። "ይቺ በሃያ አንድ ድሬዳዋ ብትወርድ ሕዝቡ ባቡሩን ትቶ እሷን ነበር የሚያጅባት" አሉና ሁሉንም ለሰፈር ልጆች አደሉ።

በመጨረሻ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ የሐርቡውን ሙሄዲንን አገኙ፤ ማንኪያ የሚጠርብ ገበሬ ነው። ባቡር አይቶ አያውቅም። እሳቸው እያወሩለት እሱ ከክብሪት እንጨት የማይረዝሙ ሰዎችን ከወይራ ይጠርባል፤ ሸክም ያጎበጠውን ሐማል፣ ትኬት ቆራጩን፣ የመናዊውን ባለሱቅ። አንድ ቀን ውሃ ሻጯን ይዞ መጣ። አቶ ይርጋ እያገላበጡ አይተው መለሱለት።

"እናቴ በዚያ ዓመት ጫማ አልነበራትም።"

"በእንጨት እንኳ ላጫማት፣ ጋሼ። ምን አለበት?"

"እንዳልነበራት ይታወቅ።"

ሙሄዲን ቢላዋውን አወጣና ጫማዋን ፋቀ።

አሁን እቴነሽ የፕላስቲኩን ሰው አነሣችና የደምመላሽ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። እናንተ ያኔ አልነበራችሁም።"

አንዲት አክስቷ ቀሚሷን ጎተተቻት።

"እቴነሽ፣ የናንተን የጴንጤዎቹን ነገር አይተን እንዳላየን ነው ያለፍነው። አስተማሪነትሽንም አስቢበት" አለ ደምመላሽ።

"አስቤበታለሁ። ጉልበቱ አላችሁ፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱት። ግን እንዳለ። አንድ ሰው ብትጨምሩበት ኤግዚቢሽኑ በር ላይ ቆሜ ውሸት ነው እላለሁ።"

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ሙሄዲን ተነሣ። "እኔም አብሬያት እቆማለሁ። ወላሂ፣ እያንዳንዳቸውን በስም አውቃቸዋለሁ።"

አክስቷ ቀሚሷን ለቀቀችና እሷም ተነሣች። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ።

ደምመላሽ ፕላስቲኮቹን ኪሱ ከተተ። "ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ትቀርቢያለሽ!"

"ሰኞ ሐዘን ላይ ነኝ። ማክሰኞ እመጣለሁ።"

መኪናው በማግስቱ አልመጣም። ማክሰኞ ሄደች። እስከ ምሽት አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋት፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃት ለቀቋት።

ስትመለስ ለቀስተኛው ተበትኗል፣ ድንኳኑም ፈርሷል። የጣቢያው ጣሪያ ላይ ስስ አቧራ ተኝቷል። አባቷ በየማለዳው እፍ ይሉት ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ የነካው የለም። እቴነሽ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጎንበስ አለችና እፍ አለች። ትንፋሿ መሃል ላይ ተቆረጠ። ጠረጴዛውን ይዛ አየር ሳበችና እንደገና እፍ አለች።