አምስት ለወደዳችሁት

ወንድሜ የሞተው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከኤሌክትሪክ ላቦራቶሪው ወደ ወርክሾፑ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ነው። እኔ በዕቃ ክፍሉ መስኮት በኩል አየሁት። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ በሥራ ሰዓት ተቀምጦ አይቼው ስለማላውቅ ገረመኝና «ዛሬስ አረጀህ መሰለኝ» ልለው አፌን ከፈትኩ። ሳልጨርሰው ወደ ጎኑ ዘመም አለ። ዶክተሩ በኋላ ልቡ እንደሆነ ነገረን። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ያ ያልጨረስኩት ቀልድ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ።

ጋሼ የምህንድስና ኮሌጁ መምህር ነበር፤ እኔ ደግሞ የወርክሾፑ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። የማሽን ንድፍ ማንበብ፣ የብረት ውፍረት የሚለካበትን ካሊፐር መያዝ፣ የብረትን ዓይነት በድምፁ መለየት፣ ይህን ሁሉ እሱን እያየሁ የለቀምኩት ነው። ይህን ታሪክ መጻፉንም ማንም አላስተማረኝም። ሳልረሳው ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ተማሪዎቹ «ጋሽ ቡሎን» ይሉት ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ሁሉ አንድ ላይ ይማሩና በዓመቱ መጨረሻ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሲቪል፣ ኬሚካል ወይም ኮምፒውተር ብለው ይመርጣሉ። አንዴ ከገቡ መውጣት የለም። ስለ ክፍሎቹ የሚያውቁት ግን ጎረቤት ያወራውን ነው። ስለዚህ ጋሼ በየዓመቱ አንድ ሳምንት ሙሉ አምስቱንም ቦታ ያዞራቸዋል። ከኪሱ አውራ ጣት የምታህል ቡሎን ያወጣና እያስያዛቸው «ይህችን ስታይ ምን መጠየቅ ያምርሃል?» ይላል። እንዴት ተቀረጸች ያለውን ወደ ሜካኒካል፣ ምን ያህል ሸክም ትችላለች ያለውን ወደ ሲቪል ጠጋ ብሎ እንዲያይ ይመክረዋል። አንዱ «ስንት ትሸጣለች?» ቢለው፣ «አንተ በር ተሳስተሃል፤ የንግድ ኮሌጁ ማዶ ነው» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው።

ዘንድሮ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ቡሎኗን ስታገላብጥ ቆይታ «በአንድ ጎኗ ብቻ ለምን ዛገች?» ብላ ጠየቀችው። ያን ቀን እራት ላይ ለእማዬና ለእኔ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ልጅቷን «ዝገት» ብሎ ስም አወጣላት። እሷ ኬሚካል ካልገባች መምህር ተብዬ በከንቱ ነው የኖርኩት አለ።

ዙሩ ሲያልቅ ልጆቹ ጋሼ ራሱ ባዘጋጀው ወረቀት ላይ፣ በአምስቱ ክፍሎች ስም ፊት ለፊት ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሞላሉ። ከሬጅስትራር የሚመጣው ቅጽ ላይ ደግሞ ይፈርማሉ። ቁጥሩን ከወረቀቱ ወደ ቅጹ የሚያዛውረው እሱ ነው፤ ቤት፣ ክፍሉን ዘግቶ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ አየሁ። በንጹሕ የሚገለብጥ ይመስለኝ ነበር።

ሲሞት ወረቀቶቹ ተሞልተው፣ ቅጾቹ ተፈርመው፣ የቁጥር ቦታዎቹ ግን ባዶ ሆነው መሳቢያው ውስጥ ነበሩ።

በቀበርነው በሦስተኛው ቀን ከሬጅስትራር መልእክት መጣ። ቅጹ እስከ ሰኞ ካልደረሰ ልጆቹን በውጤት ብቻ እንመድባለን አሉ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ የሚያወራው ያወራል። እኔ የጋሼን እስክሪብቶ ይዤ ጓዳ ገባሁ። አምስት ካለ አምስት፣ አንድ ካለ አንድ። መስመር እንዳልስት ማስመሪያ እያስደገፍኩ የመቶ ሰባ አራት ልጆችን ቁጥር በሁለት ቀን ገለበጥኩ። እጄ ሲሠራ እንባዬ ይቆምልኝ ነበር። ጨርሼ ሳስረክብ የሬጅስትራር ኃላፊዋ አቅፋኝ አለቀሰች። «አደራውን ያደረሰች እህት» ተባልኩ። በዚያው ሰሞን ኮሌጁ ትልቁን ወርክሾፕ በጋሼ ስም ሊጠራው እንዳሰበ የሚገልጽ ደብዳቤ ላከልን። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ለመጣው ሰው ሁሉ ግን እያወጣች ታስነብበው ነበር።

ምደባው ረቡዕ ተለጠፈ። በሌላው ዓመት ያን ቀን ጩኸቱ ዕቃ ክፍሌ ድረስ ይመጣል፤ የሚተቃቀፍ አለ፣ የሚዘል አለ። ዘንድሮ ድምፅ አልነበረም። ብቅ ብዬ ሳይ ሰሌዳው ፊት ቆመው ዝም ብለዋል። ለጋሼ ብለው ዝም ያሉ መስሎኝ ልቤ ተነካ።

ዝገት ወደ መስኮቴ መጣች። ኮምፒውተር ደርሶኛል አለችኝ። ውጤትሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሆናል ብዬ ላጽናናት ስሞክር ከሁሉም ሁለተኛ እንደወጣች ነገረችኝ።

«እትዬ፣ እኔ ለኬሚካል አምስት ነው የሰጠሁት።»

«አውቃለሁ። አምስት ብዬ ነው የጻፍኩልሽ፤ በገዛ እጄ።»

«ለኮምፒውተርስ?»

«አንድ። አንቺ እንደጻፍሽው።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ለሕፃን እንደምታስረዳ ቀስ ብላ፣ «ጋሽ ቡሎን እኮ አምስት ለወደዳችሁት፣ አንድ ለጠላችሁት ነው ያሉን» አለች።

ክው አልኩ። ይዤው የነበረው ትልቅ መፍቻ ወድቆ እግሬን እንደመታኝ እንኳ ያወቅኩት ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ነው። በሬጅስትራር ቅጽ አንድ ማለት አንደኛ ምርጫ ነው። በጋሼ ወረቀት አንድ ማለት የመጨረሻው ነው። መቶ ሰባ አራት ልጆችን በየተራ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ወደማይፈልጉት ልኬያቸዋለሁ።

ልጅቷ ሬጅስትራር ሄደው እንደነበር ነገረችኝ። ኃላፊዋ ቅጹን አውጥታ «ይኸው ፊርማችሁ፤ ተገዳችሁ ነው የፈረማችሁት?» ብላቸዋለች። ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይጸድቃል፤ የጸደቀ አይነካም።

ቤት ሮጥኩ። የጋሼን ሣጥን ስከፍት የዘጠኝ ዓመቱ ወረቀት በየዓመቱ ታስሮ ተቀምጧል፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ የሬጅስትራሩ ቅጽ ፎቶ ኮፒ ተሰፍቷል። አምስቱ አንድ ሆኗል፤ አራቱ ሁለት ሆኗል፤ ሦስት ብቻ ሦስት እንደሆነ ቀርቷል። እየገለጥኩ ሄድኩ። ሁሉም እንደዚያው ነው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ አብሬው ስበላ ይህን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት እሽግ ላይ በእጁ እንዲህ ብሏል፦ «አንደኛ ምረጡ ሲባሉ የአባታቸውን ምርጫ ይጽፋሉ። ማርክ ስጡ ሲባሉ ግን ያዩትን ይጽፋሉ።»

ነገሩ ገባኝ፤ ግን ሌላ ጣጣ ታየኝ። ተማሪን ባዶ ቅጽ ላይ ማስፈረም ክልክል ነው። ያንን ከዕቃ ክፍል ሠራተኛ እስከ ዲኑ ሁሉም ያውቃል። ልጆቹን ለማዳን ይህን መናገር አለብኝ። ከተናገርኩ ደግሞ ጋሼ ዘጠኝ ዓመት ሕግ የጣሰ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ለእማዬ ነገርኳት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። መጀመሪያ የተናገረችው «አንቺ ተሳሳትኩ በያቸው፤ ስለ ፊርማው አታንሺ» የሚል ነው። ያ ካልበቃስ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሙት አይወቀስም፤ መልስ መስጠት አይችልማ። እኔ ልጄን አንዴ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ አታስቀብሪኝ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም እሺ አልኳት። እሺ ስላት ከልቤ ነበር።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስፈራ ስቸር ዋልኩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እሽጎቹን በዘንቢል ይዤ ሬጅስትራር ገባሁ። ለክፉም ለደጉም ብዬ ነው የያዝኳቸው፤ ከዘንቢሉ አላወጣቸውም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ኃላፊዋ ወንበር ሳበችልኝ። ቁጥሩን ስገለብጥ ተሳስቻለሁ፣ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው አልኳት። አዘነችልኝ። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ይሳሳታል አለች። ከዚያ አንዱን ቅጽ አንስታ ስታይ ቆየችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች።

«እህቴ፣ አንቺ የጻፍሽው ከቀብሩ በኋላ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ፊርማው ላይ ያለው ቀን ደግሞ ወንድምሽ ከማረፉ በፊት ነው። ልጆቹ ታዲያ ምን ላይ ነው የፈረሙት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያዘጋጀሁት ውሸት ሁሉ ለሌላ ጥያቄ የተዘጋጀ ነው። ቀኑን አስተውዬ አላየሁትም ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያየሁት ቁጥር ብቻ ነው። በመስኮቱ ማዶ ልጆቹ የአጥሩ ግንብ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ጓዛቸውን ሸክፈዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከሩብ ይላል።

«ባዶ ላይ ነው» አልኳት። «በየዓመቱ።»

እሽጎቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩ። የመጀመሪያውን ፈታች፣ ሁለተኛውን ፈታች። ከንፈሯ ነጣ። እኔ የራሴን ድንጋጤ ብቻ ተሸክሜ ነበር የገባሁት፤ የእሷን አላሰብኩም። በየቅጹ ግርጌ ያለው ማኅተም የእሷ ነው።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ» አለች፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። «እኔም ልጄን ለእሱ ነው የሰጠሁት። ሲቪል ነው የገባችው፤ ደስ ብሏት ነው የምትሠራው።» ቀጥላም፣ «ይህን ከጻፍኩ ጥሰት ብዬ ነው የምጽፈው። ሌላ ስም የለውም። ወርክሾፑም በስሙ አይጠራም። ገብቶሻል?»

ገብቶኛል አልኳት። ልጆቹ ይታረምላቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ይታረማል፤ ሰኞ ራሳቸው እንደገና ይሞላሉ፤ ግን አንቺ ያልሽውን በፊርማሽ ማስቀመጥ አለብሽ አለችኝ።

«እንግዲያው ይጻፉት» አልኩ።

የፈረምኩት ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ሰኞ ልጆቹ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ቅጽ እንዳድል ተጠራሁ። ኃላፊዋ ድምፅ ማጉያ ይዛ አንድ ማለት በጣም የምትፈልጉት ነው፣ አንድ ማለት አንደኛ ነው እያለች ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ዝገት ቀና ሳትል ሞልታ የመጀመሪያዋ ሆና አስረከበች። ከኋላ ወንበር አንዱ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ «አባዬ፣ አንደኛ ማንን ልጻፍ?» እያለ ያንሾካሹካል። ሰምቼው ቆምኩ። ጋሼ ቢሆን አንድ ነገር ይለው ነበር።

አዲሱ ምደባ ሐሙስ ሲለጠፍ ጩኸቱ እንደ ድሮው ዕቃ ክፍሌ ድረስ መጣ። ከዝርዝሩ ጎን ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ማስታወቂያ ነበር። ልጆቹ ስማቸውን ካዩ በኋላ ወደሱ ዞር ይሉና ያነባሉ፤ አንብበው ሲጨርሱ ድምፃቸው ይጠፋል። በእጅ ገልብጬው ቤት ወሰድኩት። የሆነውን ከነገርኳት ከዓርብ ጀምሮ እማዬ አላናገረችኝም፤ የሰጠኋትን ትበላለች፣ ስስማት ጉንጯን ትሰጠኛለች፣ ቃል ግን የለም።

ያን ቀን ግን ወረቀቱን እጄ ላይ አይታ «ምን ብለው ጻፉበት?» አለችኝ።

ልዘልለው እችል ነበር፤ ማንበብ አትችልም። አልዘለልኩም። «በሟቹ መምህር በተደጋጋሚ በተፈጸመ የአሠራር ጥሰት ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ አቁሜ ውሃ ጠጣሁና ቀጠልኩ። ከታች የምስክሯ ስም አለ፤ የእኔን ስም ራሴ አነበብኩላት።

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ልጆቹ ስንት ናቸው አልሽኝ?»

«መቶ ሰባ አራት።»

«ሁሉም ተስተካከለላቸው?»

«ሁሉም እማዬ።»

«ብዙ ናቸው» አለች።

ይቅር አላለችኝም። ያለችው ይህንን ብቻ ነው። ከዚያ አልጋው ላይ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ።