በአንድ ጊታር ሰበብ የሞቱ ሰዎች

1.

መጀመሪያ የሞቱት የባለሱቁ እናት ናቸው።

"እናቴ ትሙት፣ ኦሪጅናል ነው" አለኝ ሰኞ ጠዋት፣ ፒያሳ። ጊታሩ ደረት ላይ ያሉትን ሁለት ጠምዛዛ ቀዳዳዎች በጣቴ ነካኋቸው። ቀዳዳ አይደሉም፤ በጥቁር ቀለም የተሳሉ ናቸው። እናቱ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም። ለምደውታል።

2.

አንባቢ ሆይ፣ ከመሀል ጀመርኩብህ መሰለኝ። ላስረዳህ።

አምዴ እባላለሁ፤ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰርግ ድንኳኑ ጠፍጣፋ ጊታር መታሁ፤ አሁን ድንኳኑን ዲጄ ወርሶታል። አንድ ሆቴል የድሮ ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ አቋቁሟል። መሪው ምናሴ፣ ደረቱ እንደ ቫዮሊን የጎበጠ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታር፣ አርችቶፕ የሚሉትን ማለት ነው፣ እስከ ሐሙስ ይዘህ ካልመጣህ አትምጣ ብሎኛል። ከእሱ ሌላ የሚጠራኝ የለም።

3.

መመሪያ፣ ለድሃ ጊታር መቺ

ቴሌግራም ክፈት። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለውን እለፈው፤ ዋጋ ለመናገር ያፈረ ሰው ለመቀበል አያፍርም። ጊታሩ አበባ ያለው ብርድ ልብስ ላይ እንደ አራስ ተጋድሞ ፎቶ ከተነሳ አትደውል። ደላላው "ለራሴ ላስቀረው ነበር" ካለህ ዝጋው።

ከዚያ መልሰህ ትደውላለህ። ምን አማራጭ አለህ?

4.

የሟቾች ዝርዝር፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ

የባለሱቁ እናት (ኦሪጅናል ነው)።

የደላላው የየሺጥላ አባት (ጊታሩ አልተነካም። የጊታሩ አንገት ተሰብሮ በሙጫ ተጣብቋል)።

የዚሁ የየሺጥላ ሁለት ልጆች፣ በአንድ ትንፋሽ (ከዚህ አይወርድም)።

ወረደ።

ራሱ የሺጥላ፣ "እኔ ልሙት ትንሽ ጨምር" ብሎ።

እኔ፣ "አንተ ትሙት" እየተባልኩ፣ አራት ጊዜ።

እኔ በሰው ነፍስ ምዬ አላውቅም። ፈርቼ እንዳይመስልህ፤ ንቄው ነው። ወሬ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሞቶ ለቅሶ የደረሰ አለ?

5.

ረቡዕ ከሰዓት ደርቤ ደወለ። አሥራ አምስት ዓመት ሰርግ ላይ አብሮኝ የሠራ ነው፤ ከሁላችን እውነተኛ አርችቶፕ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ እኔም አልፈለግኩትም። ጊታር እያሳደድኩ እንደሆነ ሰምቶ፣ ና ውሰደው፣ ያለህን ትሰጠኛለህ አለኝ። የሆቴሉን ነገር አልነገርኩትም።

ኮልፌ ቤቱ ስደርስ የደርቤን ግማሽ አገኘሁ። ኩላሊቱ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ይሄዳል።

6.

የተነጋገርነው፣ እንዳለ

እኔ፦ ለምን ትሸጠዋለህ?

ደርቤ፦ ስለት አለብኝ። ከዚህ አልጋ ካነሳኸኝ ይህ ጊታር ሁለተኛ ለዳንኪራ አይመታም ብዬ ተሳልኩ። ተነሳሁ።

እኔ፦ እና ሰቅለህ አታስቀምጠውም?

ደርቤ፦ ባየሁት ቁጥር እጄን ይበላኛል። አንተ ቤትህ ለብቻህ ምታው፤ እሱ ስለቴን አያፈርስም። ሆቴል፣ ሰርግ፣ መጠጥ ቤት ግን አይሆንም።

እኔ፦ እሺ።

ደርቤ፦ እሺ አይበቃኝም። በሰው ነፍስ ስትምል ሰምቼህ አላውቅም፤ ሌላ ሰው ያልጠራሁት ለዚህ ነው። በእኔ ማልልኝ።

7.

ጊታሩን ጭኔ ላይ አደረግኩና አንድ ክር ነካሁ። ድምፁ ከሆዱ ወጥቶ ክፍሏን ሞላ። ሠላሳ ዓመት ቆርቆሮ ስደበድብ እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው። በራሴ አፈርኩ።

ደርቤ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ።

8.

ወሬ ነው።

9.

ወሬ ነው አላልኩም?

10.

ነገ ሐሙስ ነው። ምናሴ አሥር ሰዓት ላይ ብሏል።

የሚፈለገው ሁለት ቃል ነው። የባለሱቁ እናት ምስር እየለቀሙ በቀን ሃያ ጊዜ ይሰሙታል። አንባቢ፣ እየሳቅህብኝ ከሆነ እስቲ አንተ በለው። ስሙ ደርቤ ነው፤ ክንዱ ላይ ፋሻ አለ፤ እጄን ይዞ አፍ አፌን እያየ ነው።

"ሆቴል ብመታው፣" አልኩ፣ "ደርቤ

………………