ከሁለቱ ቡልዶጎች የሚያንኮራፋው የቱ ነው

ሰብስቤ መኪና ሲገዛ ታይቶ አይጠገብም። ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ በጀርባው ተንፏቆ ሻንሲው ስር ይገባል፣ ዘይቱን አውጥቶ ያሸታል። በመጨረሻ ሞተሩን ያስነሳና ዓይኑን ጨፍኖ ሚኒሞውን፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲዞር የሚያሰማውን ድምፅ፣ ያዳምጣል። አዳማ ውስጥ ተሳቢ ልግዛ ያለ ሰው ሁሉ "መጀመሪያ ሰብስቤ ይስማልኝ" ይላል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡችላ ሊገዛ የወጣው።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ልጃቸው ኤቢሴ አግብታ አቦምሳ ከገባች ወዲህ፣ እሱ በተሳቢው ጅቡቲ ደርሶ እስኪመለስ ሚስቱ ዘርፉ ብቻዋን ነው የምታድረው። በመጨረሻው ጉዞው ሲመለስ ታዲያ ገና እግሩን ሳይታጠብ ቁርጡን ነገረችው።

"ብቻዬን ማደር ታክቶኛል። ወይ ለእኔ የሚሆን ውሻ ፈልግልኝ፣ ወይ መኪናህን ሸጠህ አጠገቤ ቁጭ በል።"

ሰብስቤ መኪናውን ከሚሸጥ አንድ እጁን ቢሸጥ ይመርጣል። ሰኞ ደግሞ ጭነት አለበት። ስለዚህ ውሻው እስከ ሰኞ መገኘት ነበረበት፣ ያውም ለዘርፉ የሚሆን። ለዘርፉ የሚሆነው ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም ነበር፤ የማያንኮራፋ ነዋ። ሰብስቤ ራሱ ማንኮራፋት ላይ የሚስተካከለው የለም፣ ዘርፉም ይህንን በሰርግም በለቅሶም ላገኘችው ሁሉ ስታወራ ነው የኖረችው። "እኔ እኮ ያገባሁት ወፍጮ ቤት ነው" ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እሱ አንገቱን ይደፋል።

ቡችላ የሚሸጠው ጆቴ የሚባል ወደ ቦኩ መውጫ የሚኖር ወጣት ነው። በቴሌግራም የለጠፈውን ፎቶ ሾፌር ጓደኞቹ አይተው "ይህን ፊት ያየ ሌባ መንገዱን ይቀይራል" ስላሉ ነው ሰብስቤ ቡልዶግ ላይ የቆረጠው። ዘርፉንም ይዟት ሄደ።

"አካም ጅርቱ ጋሼ፣ እትዬ፣ ግቡ ግቡ" አለ ጆቴ በኦሮምኛ ሰላም ብሏቸው፣ የማንጎው ጥላ ስር በርጩማ እያቀረበ።

"ነጋ፣ ደህና ነን። በል አምጣቸው" አለ ሰብስቤ።

ጆቴ በአንድ ብብቱ አንድ፣ በሌላው ሌላ ይዞ መጣ። ሁለቱም ቡናማና ነጭ ናቸው። የሁለቱም ፊት በሩጫ መጥቶ ከግድግዳ ጋር የተጋጨ ይመስላል።

"መንታ ናቸው እንዴ?" አለ ሰብስቤ።

"ኧረ በጭራሽ። ይሄ የእንግሊዝ ነው፣ ይሄ የፈረንሳይ። ጆሯቸውን ይዩ። የፈረንሳዩ እንደ ሌሊት ወፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የእንግሊዙ ይታጠፋል። ሲያድጉ ደግሞ የእንግሊዙ ደልደል ይላል፣ ጉንጩም ይንዘላዘላል። የፈረንሳዩ ትንሽ እንደሆነ ይቀራል፣ ግን ቀልጠፍ ያለ ነው።"

"ገባኝ። አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ሞዴል" አለ ሰብስቤ።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። መዳፋቸውን በአውራ ጣቱ እየተጫነ "ጎማቸው አዲስ ነው" አለ። አፋቸውን ከፍቶ አሸተተ። መሬት ላይ ተንጋለለና ሆዳቸውን ከስር አየ፤ የእንግሊዙ በዚህ መሃል ሸሚዙ ላይ ሸናበት። ሰብስቤ ቅር አላለውም፣ የሚያፈስ መኪና ብዙ አይቷል።

"ራዲያተራቸውስ?"

"እሱን እንኳን አልዋሽዎትም። አፍንጫቸው አጭር ስለሆነ ሁለቱም ሙቀት አይችሉም። በአዳማ ፀሐይ ጥላና ውሃ ካላገኙ ይታፈናሉ።"

"ማንኮራፋቱስ?"

ጆቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ቡልዶግ ከተባለ ያንኮራፋል። የቱ እንደሚብስ ግን ተኝተው ነው የሚሰማው።"

"እንሰማለና" አለ ሰብስቤ።

ጆቴ ፍራሽ አነጠፈ። ቡችሎቹ ግን የሚተኙ አልሆኑም። አንዱ የሰብስቤን የጫማ ማሰሪያ ይጎትታል፣ ሌላው የዘርፉን የነጠላ ጥለት ያኝካል። ሰብስቤ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግንዱን ተደገፈና፣ እንደ ልማዱ በደንብ ሊያዳምጥ ዓይኑን ጨፈነ። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከጋላፊ የገባው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነበር።

ሲነቃ ጥላው ሸሽቶ ፀሐዩ ጉልበቱ ላይ ደርሷል። የፈረንሳዩ ቡችላ ጫማው ላይ ተጋድሟል። ጆቴ ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ይዟል። ዘርፉ ደግሞ የእንግሊዙን በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ቡችላው ከሆዱ ስር የሚመጣ ድምፅ ያሰማል፤ የዚያን ያህል ድምፅ ከዚያች አካል እንዴት እንደሚወጣ እንጃ።

"ይሄን ነው የምወስደው" አለች።

ሰብስቤ ደነገጠ። መኪናው ዓይኑ እያየ ሲሸጥ ታየው። "ቆይ እንጂ ዘርፉ፣ ስሚው እስቲ። የዚህ እኮ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው የተበሳ ነው።"

"ሰምቼዋለሁ። ሦስታችሁንም ነው የሰማኋችሁ። የፈረንሳዩ ያፏጫል እንጂ አያንኮራፋም። ይሄ ግን ልክ እንዳንተ ነው። ይጎትት ይጎትትና ቀጥ ይላል፣ ሞተ ሲሉት እንደገና ይነሳል።"

"ማንኮራፋት የምትጠይው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

ዘርፉ የቡችላውን ግንባር በጣቷ ዳሰሰች። "አንተ ስትሄድ ቤቱ ጭጭ ይላል። እኔ ሌባ አልፈራም፣ የሚያስፈራኝ ጭጭ ማለቱ ነው። በወፍጮ ድምፅ መተኛት አስለምደኸኝ ወፍጮውን ይዘህብኝ ትሄዳለህ።"

ሰብስቤ ሌሊቶቹ ትዝ አሉት። ስንት ዓመት ሙሉ፣ እሷ እንዳትረበሽ ብሎ ስንቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትራሱን ፊቱ ላይ ጭኖ ነበር።

"ታዲያ ለምን አገር ምድሩ ፊት ታሚኛለሽ?"

"ስላንተ ማውራት ደስ ይለኛል" አለች፣ ምንም ሳታፍር።

ስሙንም እዚያው አወጣችለት፣ ተሳቢ አለችው።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሰብስቤ አዋሽ ደርሶ መኪናውን ጥላ ስር አቆመና ደወለ። ተሳቢ ምን እየሠራ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ዘርፉ መልስ በመስጠት ፈንታ ስልኩን የተኛው ቡችላ አፍንጫ ስር አስጠጋችው። ሰብስቤ መሪው ላይ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

"እህ፣ ምን ትላለህ?" አለች።

"ሚኒሞው ትንሽ ይንቀጠቀጣል።"

"እንዳትነካው" አለች ዘርፉ። "እኔም ጋደም ልል ነው።"